ሚዛኑ ተይዟል

ገበያ ሳልወጣ፣ ሽንኩርቱ ሳይጫን፣
ድንቡሼን አቅፌ ቀረብኩ ከሚዛን።
ባንዱ ሳህን እሷን፣ ባንዱ ብረቱን፣
ትንፋሼን ዋጥ አርጌ ጠበቅሁ መርጋቱን።
ዘጠኝ መቶ ግራም ነበረች በጥቅምት፣
ኅዳር ላይ ስምንት መቶ፤ ያን ቅዳሜ ሰባት መቶ ስልሳ ስምንት።
«ድንቡሼ» ብዬ መጥራቱ ሆነብኝ እፍረት።

የተወልኝ ይርሳው ነው፣ የጓሮ ተከራዬ፣
የከብት ሕክምና ተማሪ፤ «ጊኒ ፒግ ናት፣ እትዬ፣
አይጥም ጥንቸልም አይደለች፤ አደራዬ»
ብሎኝ ወደ መተማ ሲሄድ፣ ሥራ ሲጠራው፣
ሳጥኗን ከነድርቆሹ ደጄ ላይ አኖረው።

እኔ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ መች እጄን እሰበስባለሁ፣
ዳቦውንም፣ ፍርፋሪውንም፣ ያለኝን ሁሉ ሰጠሁ፤
ስኳር እንኳ አላስሁ!
ሽባባው ባጥር በኩል አንገቱን አስግጎ
«ድመት ያጣ ቤት አይጥ ይቀልባል» ይለኛል፣ ነገር ፈልጎ።

ታኅሣሥ ላይ፣ በማለዳ፣ ከሐይቁ ጉም ሲመጣ፣
መዝለል ተወች፤ እግሯን ስነካው ድምጿ ቀጥኖ ወጣ።
ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ ድዷ ደም አዝሎ፣
ሣሩ ከፊቷ ተኝቶ እንዳደረ ውሎ።
ይርሳው በስልክ ጮኸብኝ፣ ኔትወርኩ እየቆረጠው፦
«ቪታሚን ሲ አጥታ ነው! ገላዋ እኮ አያበጀው፤
ከምግብ ካላገኘች አበቃ። እሷም እንደ ሰው ነው።»
«እንደ ሰው?» አልኩት።
«እንደ ሰው።» መስመሩ ተቋረጠ።

ቆምኩ ስልኩን ይዤ።
ፍየል እንኳ ከሆዷ የምታበጀውን ነገር
እኔና ይቺ ሚጢጢ ከሰው መደብ ለቅመን ልናድር!

ከዚያ ወዲህ ጥሩአለም፣ ጎኔ ቃሪያ የምትሸጠው፣
የማያቃጥለውን ለይታ «ይኼ የድንቡሼ ነው»
ትላለች፤ ሂሳቡን አንዳንዴ ትረሳዋለች፣ አንዳንዴ እኔ ነኝ የምረሳው።
ከዘጌ የመጣ ዘይቱን፣ በስሱ፣ ስኳሩ እንዳይበዛባት፤
ሣር ግን ቀንም ሌትም፣ ጥርሷ ሳያቋርጥ ስለሚያድግባት።

ሣሩን እንድሪስ ነው በታንኳ የሚያመጣው፣ ከደንገሉ ማዶ፤
አንድ ቀን እምቦጭ ይዞ መጣ፣ ሌላው ሣር ቢርቀው መንገዱ ከብዶ።
«ይኼስ? አረንጓዴ አይደል?» አለኝ። መለስኩለት በነበር፦
አረንጓዴ ሁሉ ቢያሽር፣ ጣና እስካሁን በዳነ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ጾም ገባ፣ ጎመን ረከሰ፤ እኔም አበዛሁት፤
ሽንቷ ላይ ነጭ ደለል፣ ቀይ ጠብታም አየሁበት።
ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፤ ሲበዛ እንደሚበሰብስ አውቃለሁ፣
ደግነትም እንደዚያው መሆኑን ግን በዚህች ሳጥን ተማርኩ፣ ዘገየሁ።

ሌሊት ድርቆሽ ፈጭቼ፣ በውኃ አላልቼ፣
መርፌው በወለቀ ስሪንጅ፣ ጉንጯን በጣቴ ከፍቼ፣
«ዋጪ እናቴ፣ ትንሽ ብቻ፣ ዋጪ» እላለሁ።
ይህን ቃል ከዚህ ቀደም የት እንዳልኩት አውቃለሁ፦
ፈለገ ሕይወት፣ አልጋ ዘጠኝ፣ ከባለቤቴ ራስጌ፣
ሾርባው ቀዝቅዞ በማንኪያ፣ እኔ ደጋግሜ፣ አባብዬ፣ ፈልጌ...
እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።
እሷ ዋጠች።
ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። ጎሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ግን
አምፖሉን አጥፍቼ በጨለማ አለቀስኩ፣ እንዳታየኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ስምንት መቶ አርባ።
ብረቱን ሁለቴ ቀየርኩት፣ እንዳላብል።
ሽባባው ባጥሩ በኩል፣ እንደ ዋዛ፣ «ስንት ሆነች?» ይላል፣
አልመልስለትም፤ እሱም ቆሞ ይጠብቃል።
በሩ ላይ አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ፣
«እትዬ አንጓች፣ ሽንኩርት ኪሎው ስንት ገባ?»
ቆይ የኔ ልጅ፣ አልኳት፣
ሚዛኑ ተይዟል።